መቀራረብ ሁሉ መነካካት አይደለም
በፕሮቲን ውስጥ የአሚኖ አሲዶችን ንክኪ ስለ መቍጠር የቀረበ ትችት

የፕሮቲንን ቅርጽ ለሚያጠና ተማሪ በአሁኑ ጊዜ ከሁሉ ቀሎ የሚታየው ሥራ ንክኪ መቍጠር ነው። የአቶሞቹን ስፍራ የያዘውን መዝገብ ይከፍታል፤ በየሁለቱ አሚኖ አሲዶች መካከል ያለውን ርቀት በኮምፒዩተር ያስለካል፤ ርቀታቸው ከተወሰነው መጠን ያነሰውን «ተነካክተዋል»፥ የበለጠውን «አልተነካኩም» ብሎ በሠንጠረዥ ላይ ያሰፍራል። ከዚያም ብዙ ንክኪ ያለውን አሚኖ አሲድ ዋና፥ ጥቂት ንክኪ ያለውን ተራ አድርጎ መደምደሚያ ይሰጣል። ሥራው ፈጣን ነው፤ ሠንጠረዡም ለዓይን ያምራል። ነገር ግን በዚህ አኳኋን የተገኘው መደምደሚያ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ለዘዴው የሚገባውን ምስጋና መስጠት ያስፈልጋል። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲዶች እንደ መቍጠሪያ ዶቃ በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት ሞለኪዩል ነው። ሰንሰለቱ በሚታጠፍበት ጊዜ በተራ ቍጥር የተራራቁት ዶቃዎች ጎን ለጎን ይገናኛሉ። ቅርጹን ከሚያጸኑት ነገሮች አንዱ ይህ መገናኘት ስለ ሆነ፥ ማን ከማን ጋር እንደ ተገናኘ የሚያሳይ ሠንጠረዥ የቅርጹ አጭር መግለጫ ነው። ሚያዛዋና ጀርኒጋን የተባሉት ሊቃውንት በ1985 በብዙ ፕሮቲኖች ውስጥ ያሉትን ንክኪዎች ቈጥረው፥ የትኛው አሚኖ አሲድ ከየትኛው ጋር መገናኘት እንደሚቀናው በኃይል መጠን ገምተዋል። ከዚያም በኋላ በተዛመዱ ፕሮቲኖች ውስጥ አብረው የሚለዋወጡትን ጥንዶች በመመልከት ንክኪን አስቀድሞ ለመገመት ተችሏል፤ በ2024 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለተሰጠበት የፕሮቲን ቅርጽ ትንበያ መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ትችታችን በመቍጠሩ ላይ ሳይሆን፥ ከመቍጠሩ በኋላ በሚነገረው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፥ ወሰኑን ምን አቆመው? የሚል ነው። አንዳንዶች የሚለኩት አልፋ ከሚባለው የአሚኖ አሲዱ ካርቦን ነው፤ ሌሎች ደግሞ ቤታ ከሚባለው፥ ይኸውም ከጎን ክንዱ የመጀመሪያ ካርቦን ይለካሉ። በሁለቱም ዘንድ የተለመደው ወሰን 8 አንግስትሮም ነው። ሌሎች ከሃይድሮጅን በቀር ያሉትን አቶሞች ሁሉ ለክተው 4.5 ወይም 5 አንግስትሮምን ይወስናሉ። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ እጅ ስለ ሆነ ልዩነቱ ከኢምንት የሚቈጠር ይመስላል። ይሁን እንጂ በሃይድሮጅን የተሳሰሩ ሁለት አቶሞች የሚራራቁት 3 አንግስትሮም ያህል ነው፤ የሚነካኩ ሁለት ካርቦኖችም 4 ያህል ይራራቃሉ። እንግዲህ 8 አንግስትሮም ማለት የእውነተኛው ንክኪ ርቀት እጥፍ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። በሰንሰለቱ ላይ ተከታትለው የሚገኙ ሁለት አልፋ ካርቦኖች የሚራራቁት 3.8 አንግስትሮም ብቻ ስለ ሆነ፥ የአንዱ ክንድ ወደ ላይ፥ የሌላው ወደ ታች ቢያመለክትም ርቀቱ «ተነካክተዋል» ያሰኛል። ጀርባቸውን ተሰጣጥተው የቆሙ ሁለት ጎረቤቶች እንደ ወዳጆች ይቈጠራሉ ማለት ነው። በአንጻሩ አርጊኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ክንደ ረጅም ነው፤ ስለዚህ አልፋ ካርቦኑ ከ8 አንግስትሮም በላይ ርቆ ሳለ ጫፉ ከአስፓርቲክ አሲድ ጋር የጨው ድልድይ ሊሠራ ይችላል። ይህ በሁለት ተቃራኒ ኤሌክትሪካዊ ሙላቶች የተያዘ ጽኑ ትስስር ሆኖ ሳለ ሠንጠረዡ ሳያየው ያልፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የጊዜ ነው። በሂሞግሎቢን ውስጥ ኦክሲጅን በሌለበት ጊዜ፥ በቤታ ሰንሰለት መጨረሻ ያለው 146ኛው ሂስቲዲን ከ94ኛው አስፓርቲክ አሲድ ጋር የጨው ድልድይ ይሠራል፤ ኦክሲጅን ሲያዝ ግን ድልድዩ ይፈርሳል። ማክስ ፔሩትዝ በ1970 ሂሞግሎቢን ኦክሲጅንን በሳንባ የሚቀበልበትንና ለአካላት የሚለቅበትን መንገድ ያስረዳው እንዲህ ባሉት ድልድዮች መሠራትና መፍረስ ነበር። የሂሞግሎቢን ሥራ ያለው በመለዋወጡ ውስጥ ስለ ሆነ፥ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ ስለ ሥራው መናገር የአንድን ሰው ፎቶግራፍ አይቶ ስለ አረማመዱ እንደ መፍረድ ነው።

ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሠንጠረዡ የማንን ንክኪ ይመዘግባል? የሚል ነው። ለዚህም ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠውን በሽታ እንውሰድ። ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ በ1949 በሽታው የሞለኪዩል በሽታ መሆኑን ገለጡ፤ ቨርነን ኢንግራምም በ1957 ከሂሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 6ኛው ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን መለወጡን አሳየ። ሂሞግሎቢን ሁለት አልፋና ሁለት ቤታ ሰንሰለቶች፥ በጠቅላላው 574 አሚኖ አሲዶች አሉት። 6ኛው ስፍራ በሞለኪዩሉ የውጭ ገጽ ላይ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ የጤነኛውንና የበሽተኛውን ሂሞግሎቢን የውስጥ ሠንጠረዥ አስተያይቶ የበሽታውን ምክንያት ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ምክንያቱ ያለው ከሞለኪዩሉ ውጭ ነው። ኦክሲጅን በተለየው ጊዜ ይህ ቫሊን በጎረቤቱ ሂሞግሎቢን ላይ 85ኛው ፊኒልአላኒንና 88ኛው ሉሲን በሚሠሩት ውኃ ጠል ኪስ ውስጥ ይገባል። በዚህ አኳኋን ሞለኪዩሎቹ ተያይዘው ክር ይሆናሉ፤ 14 ክሮችም ተገምደው ሕዋሱን ያጎብጡታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህ ለክፉ ደርሷል። በንክኪ ብዛት ቢሆን ኖሮ ከተራዎቹ ተርታ የሚመደበው አሚኖ አሲድ የብዙ ሺህ ሕፃናትን ሕይወት የሚወስን ሆኖ ተገኘ።

«እንግዲያውስ በሞለኪዩሎች መካከል ያለውንም እንቍጠር» የሚል ይኖራል። አሳቡ መልካም ነው፤ ግን እርሱም ጥንቃቄ ይሻል። ብዙዎቹ የፕሮቲን ቅርጾች የታወቁት ፕሮቲኑ ክሪስታል ሆኖ በኤክስሬይ ሲመረመር ነው። በክሪስታል ውስጥ ሞለኪዩሎች እንደ ጡብ ስለሚደረደሩ፥ በሕያው ሕዋስ ውስጥ የማይገናኙት እንኳ ይነካካሉ። የማጭዱ ንክኪ የታመነው በክሪስታል ስለ ታየ ብቻ አይደለም። ሕፃናት በተወለዱ ሰሞን ሕመሙ የማይታይባቸው በጽንስ ሂሞግሎቢን ምክንያት ነው፤ በዚህም ሂሞግሎቢን ሰንሰለት ላይ፥ ከኪሱ አጠገብ በ87ኛው ስፍራ፥ በትሬዮኒን ፈንታ ግሉታሚን መገኘቱ ክሩ እንዳይገመድ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። በታኅሣሥ 2023 በአሜሪካ ለዚህ በሽታ ከተፈቀዱት ሁለት የጂን ሕክምናዎች አንዱ፥ ይህንኑ የ87ኛውን ለውጥ የያዘ ቤታ ሰንሰለት በሕመምተኛው ደም ውስጥ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ክሪስታሉ ያመለከተውን የደሙ ጠባይ አጸናው፤ ከዚህም መድኃኒት ወጣ። ንክኪን በሚገባ የመረዳት ዋጋ ይህን ያህል ነው።

እንግዲህ በዚህ ርእስ ላይ ለምንጽፍ ተማሪዎች የሚከተለው አሳብ ይቀርባል። አንደኛ፥ ርቀቱ ከየትኛው አቶም እንደ ተለካና ወሰኑ ስንት እንደ ሆነ ከውጤቱ በፊት ይጻፍ፤ ወሰኑ ከፍና ዝቅ ሲል መደምደሚያው የሚፈርስ ከሆነም ይነገር። ሁለተኛ፥ ንክኪው የጨው ድልድይ፥ የሃይድሮጅን ትስስር፥ ወይስ ውኃ ጠል ክንዶች መተቃቀፍ እንደ ሆነ ይለይ። ሦስተኛ፥ ፕሮቲኑ ከአንድ በላይ አቋም ወይም ጎረቤት ካለው፥ በአንዱ ሠንጠረዥ ስለ ሁሉ አይፈረድ። በመጨረሻም፥ አንድ አሚኖ አሲድ ዋና ነው ከመባሉ በፊት፥ እርሱ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ከቤተ ሙከራ ወይም ከሕመምተኛ ደም የተገኘ ምስክር ይጠየቅ። ኮምፒዩተር ርቀትን ይለካል፤ ርቀቱ ምን ማለት እንደ ሆነ መጠየቅ ግን የተመራማሪው ፈንታ ነው።