ንጉሥ በጠላት ሰፈር

እ.ኤ.አ. በ1912 በሲቲ ኦፍ ለንደን የቼዝ ክበብ የተደረገው የኤድዋርድ ላስከርና የሰር ጆርጅ ቶማስ ጨዋታ ከመቶ ዓመት በላይ ሲወደስ ኖሯል። ላስከር መሐንዲስ ነው፤ ቶማስ ደግሞ የወንዶች ባድሚንተን የዓለም ቡድን ዋንጫ ዛሬም በስሙ የሚጠራለት ስፖርተኛ። ሁለቱም እንጀራቸውን ከቼዝ ሳያወጡ በታላላቅ ውድድሮች ተሰልፈዋል። ይህኛው ግን የወዳጅነት ግጥሚያ ነበር፤ በ18 እርምጃ አለቀ። ውዳሴው ሁሉ ንግሥቲቱን መሠዋቱ ላይ ማረፉ የጨዋታውን ዋና ጥበብ ይጋርዳል ባይ ነኝ።

ላስከር በ10ኛው እርምጃ ንግሥቲቱን ኤች5 ላይ ሲያሳርፍ ያሰበው አይሰወርም፤ ፈረሱ ኤፍ6 ላይ ያለውን ጳጳስ በቼክ ይበላል፣ ንግሥቲቱም ኤች7 ላይ ትጨርሳለች። ቶማስ አይቶታል። የራሱን ንግሥት ወደ ኢ7 አመጣ። የጂ7 ወታደር ፈረሱን ሲበላ ረድፉ ይከፈትና ኤች7 ጠባቂ ያገኛል። የታሰበበት መልስ ነው፤ ቶማስን እንደ ተራ ተሸናፊ የሚያዩት ይህን ይዘነጋሉ። ላስከር ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ንግሥቲቱ ቀድማ ኤች7 ላይ ገባች፣ ንጉሡ በላት። ፈረሱ ከኢ4 ተነሥቶ ኤፍ6 ላይ ሲያርፍ እሱም፣ ከኋላው መንገድ የተከፈተለት ጳጳስም በአንዴ ቼክ አሉ። በድርብ ቼክ ንጉሡ ራሱ መነሣት ግድ ስለሚሆንበት ወታደሩ ፈረሱን መብላት አልቻለም። የቶማስ መከላከያ ሳይፈርስ ከንቱ ሆነ። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ከዚያ ስደት ነው። ወደ ኤች8 ቢመለስ ማት ስለሚጠብቀው የጥቁሩ ንጉሥ በኤች6፣ በጂ5፣ በኤፍ4፣ በኤፍ3፣ በጂ2 አድርጎ ጂ1 ደረሰ፤ የነጩ የኋላ ረድፍ ላይ።

እንከን አለው። በ14ኛው እርምጃ ላስከር የኤች ወታደሩን ገፋ፤ የኤፍ ወታደሩን ቢገፋ ኖሮ ጨዋታው ቢያንስ አንድ እርምጃ ቀድሞ ያልቅ ነበር። በስሌት ሚዛን ስህተት ነው። እኔ ግን ረጅሙን መንገድ እመርጣለሁ፤ አጭሩ ንጉሡን እስከዚያ ሰፈር አያደርሰውም ነበር።

መጨረሻው ያከራክራል። ላስከር ንጉሡን ወደ ዲ2 አነሣ፤ በንግሥቲቱ በኩል ካስል ቢያደርግም ማት ነበርና ብዙዎች ያንን ይመኙለታል። አልስማማም። ካስል የሁለት ጠጠሮች ትርኢት ነው። በዲ2 ግን ሜዳውን አቋርጦ የመጣውን ንጉሥ የሚያስቀረው ሌላው ንጉሥ ነው፤ አንዲት ቤት ብቻ ፈቀቅ ብሎ ለግንቡ መንገድ ይለቃል።