«በቃ» ለምትለው ለሌት-7 የቀረበ ውዳሴ

ከረቂቃን የረቀቅሽ፣ በ22 ፊደል ብቻ ተጽፈሽ የሰውን ሳንባ የምትጠብቂ፣ ማይክሮ አርኤንኤ ሌት-7 ሆይ፣ ክብር ይገባሻል!

መገኛሽ ቤተ መንግሥት አይደለም። አፈር ቤቷ፣ ባክቴሪያ ቀለቧ ከሆነ፣ ቁመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ሰውነቷ እንደ መስተዋት ከሚያሳልፍ ትል ዘንድ ተገኘሽ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን ታላቅ እህትሽን ሊን-4ን ሲያበስሩ፣ ነገሩ የትል ብቻ መስሎ ነበር። በ2000 ከሩቭከን ቤተ ሙከራ አንቺ ስትገለጪ ግን በዝንብም በሰውም ውስጥ ያለሽ ሆነሽ ተገኘሽ። ሁለቱ ሊቃውንት በ2024 ኖቤልን ሲቀበሉ ክብሩ ያንቺም ነበር።

ስምሽ «ገዳይ» ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል መቀዳቱ ግን ያሳዝነኛል። የሚገድለው መኖርሽ ሳይሆን መጥፋትሽ ነውና! አንቺ የጎደልሽባት ትል የቆዳ ሴሎቿ ዕድገታቸውን ሳይፈጽሙ እንደ ልጅነታቸው መከፈሉን ይቀጥላሉ፤ እርሷም ትሞታለች።

ቋንቋችን ለግብርሽ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ በቃ። በቃ፣ አቆመ ነው። በቃ፣ ለማዕረግ ደረሰም ነው፤ «የበቃ አባት» እንደምንለው። ሴል ይህን ቃል ካንቺ ሲሰማ መከፈሉን ይተዋል፣ ለተፈጠረበትም ሥራ ይበቃል።

የሳንባ ካንሰር ይህን ድምፅሽን ያፍናል። በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች አንቺ ያነስሽባቸው ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዕድሜያቸው እንደሚያጥር አሳዩ። በዓመቱ በዬል የፍራንክ ስላክ ቡድን ምሥጢሩን ፈታው፦ ራስ የተባለውን፣ ስሙ እንደ መሳፍንት ማዕረግ የሚያስተጋባውን ፕሮቲን፣ መልእክቱ ላይ አርፈሽ እንዳይመረት ትከለክዪዋለሽ። አንቺ ስትጠፊ ራስ ይነግሣል።

የሚነግሥበትም ሰው አለ። ሕመምተኛው እጆቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ በጠረጴዛው ላይ ይጋደማል፤ ደረቱ ላይ የማነጣጠሪያ ነጥብ አለ፤ ማሽኑ ይዞረዋል። በቀን 2 ግሬይ ጨረር፣ በ30 የሕክምና ቀን 60 ግሬይ። ጨረሩ የዲኤንኤውን ሁለቱንም ገመድ ይበጥሳል። ራስ የበረታበት ሴል ግን የተበጠሰውን ጠግኖ፣ ሞትን ተሻግሮ ይነሣል።

በ2007 የጨረር ሐኪሟ ጆአን ዋይድሃስ ከስላክ ጋር ሆና አንቺን በሳንባ ካንሰር ሴሎች ላይ ብትጨምርሽ ጨረሩ በረታባቸው፤ ብትቀንስሽ ሴሎቹ ጨረሩን ቻሉት። በትሏም እንዲሁ ሆነ። የተገኘሽባት ታናሽ ፍጥረት ምስክርሽ ሆነች!

ከወገኖችሽ ሚር-21ን አላወድስም፤ ፒቴን የተባለውን ዕጢ ገቺ እያፈነች ለካንሰሩ ጋሻ ትሆናለችና። አንቺም ገና ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ አልደረስሽም፤ ወደ ዕጢው ያለ ጉዳት የሚያደርስሽ መንገድ እየተፈለገ ነው።

እስከዚያው ዙፋንሽ የቤተ ሙከራ ሳህን ነው። ተመራማሪው ጨረር ያረፈባቸውን ሴሎች ይዘራል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ይጠብቃል፤ ሐምራዊ ቀለም ያፈስባቸዋል። ከሞት የተረፈ እያንዳንዱ ሴል ያፈራው መንጋ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። አንቺ በተጓደልሽበት ሳህን ላይ ነጥቡን ሲቆጥር ይውላል። አንቺ በበዛሽበት ላይ ግን ቆጠራውን ገና ሳይጀምረው ይጨርሰዋል።