በጥቂት ገንዘብ ስለ ተሠሩ ሁለት ፊልሞችና ተመልካች ስላገኙበት መንገድ

በኮሌጃችን ስለ ፊልም ሥራ ወሬ በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ገንዘብ የለንም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ጓደኞቻችን ሐሰት አልተናገሩም። ይሁን እንጂ ቃሉ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን ባንድ ከረጢት ስለሚከት በጥቂቱ ልንመረምረው ወደድን። ፊልም ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ አንድ ነው፤ የተሠራው ፊልም ከሰው ዐይን እንዲደርስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ ሌላ ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ እንጨነቃለን፤ ስለ ኋለኛው ግን ፊልሙ አልቆ በእጃችን እስኪቀር ድረስ አናስብም። ለዚህ ነገር ማስረጃ አድርገን የምናቀርባቸው ሁለት ፊልሞች ባንድ ዘመን ባንድ ዩኒቨርሲቲ በተማሩ ሁለት ሰዎች የተሠሩ ናቸው። አንደኛው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው፤ ሁለተኛው የሚስተር ቻርልስ በርኔት ሲሆን ስሙን «በግ አራጁ» ብለን ተርጕመነዋል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1946 በጎንደር ተወለዱ፤ አባታቸውም ተውኔት ደራሲ ነበሩ። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ የትያትር ትምህርት ጀመሩ፤ ከዚያም በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ፊልም ተማሩ። ሚስተር በርኔት ደግሞ በ1944 በሚሲሲፒ ተወልደው ዋትስ በሚባለው የሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈር ያደጉ ናቸው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች ሥራቸው እንደ ደቦ ነበረ፤ ዛሬ ያንዱን ካሜራ የያዘ ነገ ለራሱ ፊልም ሌላውን ይጠራል። ፕሮፌሰር ኃይሌ «ቡሽ ማማ» የተባለውን ፊልም ሲሠሩ ካሜራ ከያዙላቸው አንዱ ሚስተር በርኔት ነበሩ። የዚያ ፊልም መክፈቻ ፖሊሶች የፊልሙን ሠራተኞች መንገድ ላይ አቁመው ሲፈትሿቸው ያሳያል፤ ይህም ተደርሶ የተጫወቱት ሳይሆን በሥራ ላይ ሳሉ በእውነት የደረሰባቸው ነው። ገንዘብ የሌለው ፊልም ሠሪ የደረሰበትን መከራ እንኳ አይጥልም።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተነሣው የዘውዱ መንግሥት በፈረሰበት በ1974፣ ሁለት ሳምንት ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥ፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በፊልሙ የሚታዩትም ትወና ሙያቸው ያልሆነ ሰዎች ናቸው። ታሪኩ ባጭሩ የሚነገር ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብ ለአንድ ባለርስት ያርሳል፤ ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ፤ ባለርስቱ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል፤ መሬቱን የተነጠቀና ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ከበበ የሚባል ሰው ሌላው የማይደፍረውን ይናገራል፤ በመጨረሻም ባለርስቱን ይገድለዋል።

ይህን ታሪክ በዚያ ጥቂት ፊልምና በዚያ ጥቂት ቀን ለመሥራት የተመረጠው መንገድ ነው ፊልሙን ፊልም ያደረገው ብለን እናምናለን። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ አንድ ገበሬ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ያያል፤ ሰውየው እስኪደርስ ድረስ እኛም አብረን እንጠብቃለን። መብራት የለም፤ ያለው ፀሐይ ነው። የተሠራ ቤት የለም፤ ያለው ጎጆው ነው። ልብስ ሰፊም አላስፈለገም፤ የተቀደደው ልብስ ሲለበስ የኖረ ልብስ መሆኑን ዐይን ያውቀዋል። ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ገበሬ ከቅርብም ከሩቅም፣ ከላይም ከታችም አንሥቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ ይቈራርጠው ነበር፤ ያን ጊዜም ሜዳው ምን ያህል ሰፊ፣ የገበሬውም እግር ምን ያህል የደከመ መሆኑን ባላወቅን። ገንዘብ ማጣት እዚህ ላይ የፊልሙን አነጋገር ራሱን ሰጥቶታል ማለት እንችላለን።

ነገር ግን ሁሉን ማመስገን ሒስ አይሆንም። ከሁለት ሰዓት በላይ በሚቈየው በዚህ ፊልም ውስጥ ከበበ አንዳንድ ጊዜ ሥዕሉ የነገረንን ነገር በቃል ይደግምልናል። ገበሬዎች እንደ በሬ ቀንበር ተሸክመው የሚታዩበት የሕልም ክፍል አለ፤ ይህን ያየ ተመልካች ስለ ጭሰኝነት ሌላ ንግግር ይሻል ብለን አንገምትም። ከዚህም ሌላ እንደ ሰውየው ጕዞ ትርጕም የሌላቸውና ሊያጥሩ ይችሉ የነበሩ ጕዞዎች አሉ። በኮሌጃችን ፊልሙ በታየበት ምሽት ካጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች በእኩሌታው ላይ ወጥተው ሄደዋል። ይህን የምንጽፈው ለማሳጣት አይደለም፤ እነዚያ ሁለቱ የገበሬ ልጆች እንደ ሆኑና ሲወጡም «እኛ ይህን እናውቀዋለን» እንዳሉ ስለምናውቅ ነው። አነጋገራቸውን እስከ ዛሬ ስናስበው እንገኛለን። የሚያውቁትን ነገር በሸራ ላይ ማየታቸው ምን ሊጨምርላቸው ይገባ ነበር? ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ የለንም፤ የሚመስለን ግን ፊልሙ የተነጋገረው በመጀመሪያ ከማያውቁት ሰዎች ጋር ነው የሚል ነው።

«በግ አራጁ» በዚህ በኩል ይለያል። ሚስተር በርኔት ይህን ፊልም የሠሩት ባደጉበት በዋትስ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ፣ የሰፈሩን ሰዎችና ሕፃናት ይዘው ነው፤ ወጪውም 10,000 ዶላር አይሞላም ነበር። በ1977 የመመረቂያ ሥራ አድርገው አቀረቡት። ስታን የሚባለው ሰው በከብት ማረጃ ቤት ይሠራል፤ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሚስቱ ትቀርበዋለች፣ እርሱ ይርቃል። ሌላ ይህን ያህል የሚነገር ታሪክ የለውም። ግን አንድ ክፍል ብቻ እንንገር። ስታንና ጓደኛው ያጠራቀሟትን ገንዘብ ይዘው ያገለገለ የመኪና ሞተር ይገዛሉ። ያን ከባድ ብረት ደረጃ ለደረጃ እያቃሰቱ አውርደው ከአንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ጫፍ ላይ ያስቀምጡታል። ጓደኛው «ይበቃል፣ አይወድቅም» በሚል ሁኔታ ወደ ውስጥ ሳይገፋው ይቀራል። መኪናዋ ገና ስትነሣ ሞተሩ ወድቆ ይሰበራል። ሁለቱም ወርደው ያዩታል፤ ከዚያ ተመልሰው ገብተው ይሄዳሉ። ካሜራው ከመኪናዋ ላይ ሆኖ ሞተሩ ባስፋልቱ ላይ እያነሰ ሲቀር ያሳየናል። ማንም ስለ ድኽነት አንድ ቃል አልተናገረም። የደመወዝን ቀን ጠብቆ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ በዋትስም ይሁን በመርካቶ፣ ይህን ሲያይ ሆዱን ይበላዋል።

እንዲህ ያለው ፊልም ታዲያ ለምን 30 ዓመት ሙሉ ከሕዝብ ተሰወረ? መልሱ ከካሜራም ከተዋናይም አይገኝም፤ የሚገኘው ከዘፈኑ ነው። ሚስተር በርኔት የጥቁሮችን የዘፈን ታሪክ በፊልሙ ውስጥ ለማስቀመጥ አስበው የዳይና ዋሽንግተንን፣ የፖል ሮብሰንንና የሌሎችንም ዘፈኖች ያለ ፈቃድ አስገቡ። የተማሪ ሥራ ስለ ነበረ በትምህርት ቤት ማንም አልጠየቃቸውም። ለሕዝብ በሲኒማ ቤት ይታይ በተባለ ጊዜ ግን የዘፈኖቹ ባለመብቶች ሊከፈላቸው ይገባ ነበር። ፊልሙ በ1981 በበርሊን ከሐያስያን ሽልማት አገኘ፤ በ1990 የአሜሪካ መንግሥት ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ከመዘገባቸው ፊልሞች ጋር ተቈጠረ፤ ሆኖም ሲኒማ ቤት አይገባም ነበር። በ2007 ብቻ ማይልስቶን የተባለ ትንሽ አከፋፋይ ድርጅት ለዘፈኖቹ መብት 150,000 ዶላር ያህል ተከፍሎ ፊልሙን ለሕዝብ አወጣው። ይህ ገንዘብ ፊልሙን ለመሥራት ከወጣው ከ15 እጥፍ አያንስም። እንዲያም ሆኖ ያችው የዳይና ዋሽንግተን አንድ ዘፈን መብቷ ስላልተገኘ በሌላ ዘፈኗ ተተክታ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። ባለፈው ዓመት አራት ተማሪዎች ሆነን በስልክ ካሜራ የ18 ደቂቃ ፊልም ሠርተናል። ፊልሙ ስለ አንድ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ የተጫወቱትም ራሳቸው ዘበኛ የሆኑ አንድ አባት ናቸው። ወጪያችን የታክሲ፣ የዳቦና የሻይ ነበረ። በፊልሙ መካከል ዘበኛው ጎሕ ሲቀድ ከትንሿ ሬዲዮናቸው አንድ የታወቀ አሮጌ ዘፈን ይሰማሉ፤ የፊልሙ ልብ እርሱ ነው። ፈቃድ አልጠየቅንም። መጠየቅ እንደሚገባ ያወቅነው ፊልሙን ለአንድ ውድድር ልንልክ ቅጹን ስንሞላ «የዘፈኑን ፈቃድ አያይዙ» የሚለውን መስመር ስናነብ ነው። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ጀምሮ ሌባ አትሁን ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ስንሆን የሰው ዘፈን መውሰድ ሌብነት ሊሆን እንደሚችል አልታየንም ነበር። የሚስተር በርኔትን ታሪክ ያነበብነውም ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድመን ብናነበው ኖሮ ዘበኛውን ራሳቸውን እናዘፍናቸው ነበር፤ ድምፃቸውም መልካም ነው።

በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ፊልም ሲወደስ የሚጠቀሰው ቍጥርም ብዙ ጊዜ የተሟላ አይደለም። ሮበርት ሮድሪገዝ በ1992 «ኤል ማሪያቺ»ን በ7,000 ዶላር ሠራ እየተባለ ለተማሪ ሁሉ ይነገራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ፊልሙ በየሲኒማ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ የገዛው የኮሎምቢያ ኩባንያ ለድምፁ፣ ለቅጂውና ለማስታወቂያው ያወጣው ገንዘብ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ተማሪው የሚሰማው 7,000ውን ብቻ ነው።

ወደ ፕሮፌሰር ኃይሌ እንመለስ፤ ከሥራቸው ሁሉ ለኛ ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ በማሳየት ጉዳይ ላይ ነውና። ስለ ባርነት የተሠራው «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልማቸው ገንዘቡ እስኪሰበሰብ ድረስ ወደ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በ1993 በበርሊን ለውድድር ከቀረበ በኋላ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ድርጅት ጠፋ። ፕሮፌሰሩና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፤ በዋሽንግተን አንድ ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራዩ። የሰፈሩ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ማኅበሩና የተማሪው ጉባኤ ወሬውን አደረሰ፤ ቲኬቱንም ሸጠ። ፊልሙ ለሳምንታት ታየ። ከዚያም በየከተማው ያሉ ሰዎች እየጠሯቸው እንደዚሁ በኪራይ ከከተማ ወደ ከተማ ሄደ። ገቢው ባለፊልሙ እጅ ስለ ገባ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ የተባለውን የመጽሐፍና የፊልም መሸጫ፣ ቡናም የሚጠጣበትን ቤት ከፈቱ። ትልልቆቹ ያልፈለጉት ይህ ፊልም በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ታየ፤ ያወጣውም የኤቫ ዱቨርኔይ ድርጅት ነው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው እኛም አዳራሽ ተከራይተን እናሳይ» ማለቱ አይቀርም። መልካም ነው። ግን ሒሳቡን አብሮ ይቍጠረው። ከ«ሳንኮፋ» እስከ «ጤዛ» ድረስ 15 ዓመት አለ፤ በመካከሉ ስለ ዐድዋ ጦርነት የሠሩትን ዘጋቢ ፊልም ጨምሮ አንዳንድ ሥራ ቢኖርም ሌላ ረጅም የልብ ወለድ ፊልም ግን አልወጣም። «ጤዛ» በ2008 ወጥቶ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱም በዋጋዱጉ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ። እንዲህ ያለ ፊልም የሚሠራ ሰው እነዚያን ዓመታት በከፊል ቲኬት ሲቈርጥና ገንዘብ ሲለምን ማሳለፉ እኛን አያስደስተንም። ራሱ አራሽ፣ ራሱ ወቂ፣ ራሱ ገበያ ወጪ የሆነ ሰው ምርቱ በዓመት ስንት ሊሆን ይችላል? አንዳንድ መምህራን ይህን ጽናት ብለው ሲያስተምሩት ሰምተናል። ጽናት መሆኑን አንክድም፤ የሚያሳዩ ቤቶችና የሚያከፋፍሉ ሰዎች መጥፋታቸውን ግን በጽናት ስም ሸፍነን እንዳናልፈው እንፈራለን።

ዛሬ ፊልሙን በዩቲዩብ ላይ መጫን ይቻላል፤ ኪራይም የለበትም። እኛም ሞክረናል። ፊልማችን በተጫነ በሁለተኛው ቀን በዘፈኑ ምክንያት ድምፁ ተዘጋ፤ ዘበኛው በዝምታ ሬዲዮናቸውን ሲያዳምጡ የሚታዩበት ቀረ። የዘፈኑን ባለመብት ለማግኘት ለዘፋኙ ቤተ ሰብ ደብዳቤ ጽፈናል፤ ይህ ጽሑፍ ለኅትመት እስከ ተላከበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም። ፈቃድ ካልተገኘ ክፍሉን በዘበኛው በራሳቸው ዜማ እንደ ገና እንቀዳዋለን፤ እርሳቸውም እሺ ብለዋል። እስከዚያው ፊልሙ የሚገኘው በአራታችን ስልክና በእርሳቸው ስልክ ላይ ብቻ ነው። በጫንንላቸው ቀን አይተው ሲጨርሱ «ልጆቼ፣ ይህንን ሐረር ያለችው ልጄ በምን ታየዋለች?» ብለው ጠየቁን።