ፍጻሜው የታወቀ ልብ አንጠልጣይ፦ «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ከመጽሐፍ ወደ ፊልም

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ወደ ፊልም ተመለሰ በተባለ ቁጥር «መጽሐፉ ይበልጣል» የሚለው ብያኔ ሳይመረመር ያልፋል። ብያኔው የዘውጉ ጉልበት ያለው ምስጢሩ ላይ ነው ከሚል እምነት ይነሣል፤ ምስጢሩን ላወቀ ሰው ፊልሙ ምን ይጨምርለታል? የፍሬድሪክ ፎርሳይዝ «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ይህን እምነት ከሥሩ ይንደዋል። መጽሐፉ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሻርል ደ ጎል በቀደመው ዓመት ቤታቸው ውስጥ አርፈው ነበር። እሳቸውን ሊገድል የተቀጠረው ነፍሰ ገዳይ፣ ጃካል፣ እንደማይሳካለት አንባቢው ሽፋኑን ሳይገልጥ ያውቃል። እንዲህም ሆኖ መጽሐፉ ከእጅ አይወርድም፤ የሚያጓጓው የሰውየው ሥራ ነውና። ፓሪስ ውስጥ የሮይተርስ ዘጋቢ የነበረው ፎርሳይዝ፣ በሞተ ሕፃን ስም ፓስፖርት እንዴት እንደሚወጣና ጠመንጃ በክራንች ውስጥ እንዴት እንደሚደበቅ በዘጋቢ እርጋታ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል።

ፍሬድ ዚነማን በ1973 የሠራው ፊልም ዘወትር የሚወደሰው «ለመጽሐፉ ታማኝ ነው» እየተባለ ነው። ይህ ውዳሴ የፊልሙን ዋና ብልሃት ይስታል። ዚነማን የታመነው ለድርጊቱ እንጂ ለማብራሪያው አይደለም፤ ተራኪውን አስወጥቶታል። በመጽሐፉ ረጅም ገለጻ የያዘው የመቃብር ስፍራው ጉብኝት በፊልሙ ጥቂት ዝምተኛ ትዕይንቶች ብቻ ነው፤ ሰውየው በመቃብሮቹ መሀል ይዘዋወራል፣ ድንጋዮቹን ያነባል፣ ስም ይመርጣል።

ከሁሉ በላይ የጠመንጃው ሙከራ ትዕይንት ልብ ሊባል ይገባዋል። ጃካል ጫካ ውስጥ ሐብሐብ ዛፍ ላይ ያንጠለጥላል፤ ፊት ሥሎበታል። ይተኩሳል። ጥይቱ ካሰበው ፈቀቅ ይላል። የመነጽሩን ብሎን በጥቂቱ ያዞርና ደግሞ ይተኩሳል። ሙዚቃ የለም፣ አንድም ቃል አይነገርም። ተመልካቹ ሳያውቀው ከተኳሹ ጎን ይሰለፋል፤ ጥይቱ መሀሉን እንዲያገኝ መመኘት ይጀምራል። በመጨረሻ የሚፈነዳውን ጥይት ያጎርሳል፤ ሐብሐቡ ብትንትን ይላል። ያ ሐብሐብ የማን ራስ እንደሆነ ማንም አልነገረንም፤ ግን ከሴኮንዶች በፊት ምን ስንመኝ እንደነበር ገብቶናል። በመጽሐፉ በተመሳሳይ ቦታ ተራኪው ከጎናችን ቆሞ ያብራራል፤ እውቀት እናገኛለን፣ ተባባሪ ግን አንሆንም። ለዋናው ሚና በወቅቱ ብዙም ያልታወቀው ኤድዋርድ ፎክስ መመረጡም የዚሁ ስልት አካል ነው። ታዋቂ ኮከብ ቢሆን ኖሮ ሕዝብ መሀል ሲገባ ዓይናችን ይለየው ነበር።

ዚነማን ከጣላቸው ነገሮች አንዱ ግን ያንገበግባል። በመጽሐፉ የደ ጎል ጠላቶች ዘብ የሆነው ግዙፉ ኮዋልስኪ የሚያዘው ትንሿ ልጁ በጠና መታመሟ በደብዳቤ ሲነገረው ነው። ወጥመድ መሆኑን ሳይጠረጥር ከሮም ወደ ማርሴይ ይበርራል፤ እዚያ ተይዞ በምርመራ ስቃይ ይሞታል። በፊልሙ ስሙ ወሌንስኪ ሆኗል፤ ልጅ የለችም፣ አፍነው ይወስዱታል፣ በቃ። በምርመራው ክፍል የምናየው የሚሰቃይ ገላ ብቻ ነው። ፎርሳይዝን ስሜት የሌለው የመረጃ ደራሲ የሚሉት እነዚያን ገጾች ደግመው ያንብቡ፤ የመንግሥትን ጭካኔ ከአባት ፍቅር ጋር እንዲህ ያጋጠመ ልብ አንጠልጣይ ብዙ የለም።

በ1997 ብሩስ ዊሊስ የተወነበት «ዘ ጃካል» ብዙ ቀለም አያሻውም። የጠመንጃው ሙከራ እዚያም አለ፤ በሐብሐቡ ቦታ የመሣሪያ ሠሪው ክንድ ገብቷል። ተመልካቹ ይደነግጥ ይሆናል እንጂ አይወቀስም። ትዕይንቱን የሠሩት ሰዎች ዚነማንን አይተዋል፤ አልገባቸውም። የ2024ቱ ተከታታይ ፊልም የተሻለ ጥንቃቄ የታየበት ቢሆንም ሰውየውን ሊያስረዳን ሲል ሚስት፣ ልጅና ስፔን ውስጥ ቤት ሰጥቶታል። ፎርሳይዝም ዚነማንም እውነተኛ ስሙን ሳይነግሩን ነበር የቀበሩት።

እንግዲህ «መጽሐፉ ይበልጣል» ለሚለው፣ በዚህ ሥራ አይበልጥም። የሚበልጠው ፊልሙ ነው፤ ከኮዋልስኪ ገጾች በስተቀር።