የአነፍናፊ ውሻ ሥልጠናና የመሬቱ ዐይነት

ዱካ የሚከተል ውሻ በመንገዱ የወደቀ ዕቃ ሲያገኝ ተኝቶ እንዲያመለክት ይሠለጥናል። በዓለም አቀፉ የውሾች ፌዴሬሽን ደንብ የ3ኛው ደረጃ ፈተና ሌላ ሰው የረገጠው፣ 60 ደቂቃ የቆየ፣ 600 እርምጃ የሚሆን ዱካና 3 ዕቃዎች አሉት፤ መሬቱም ሣር፣ እርሻ ወይም የጫካ አፈር ነው።

ትችታችን የሚነሣው ከዚሁ ላይ ነው። በሣር ላይ የሚሸተው የሰው ጠረን ብቻ አይደለም፤ የተረገጠው ቅጠልና የተነካካው አፈርም ይሸታል። ለምሳሌ ከሐዋሳ ባህል አዳራሽ ወለል ተነሥቶ በከተማው አስፋልት ለሚሄድ ዱካ ግን ይህ ረዳት የለውም። የሚቀረው ከሰው የረገፈ ጥቂት ጠረን ነው፤ እርሱንም ፀሐይና ነፋስ ያሳንሱታል። በዚህ ጊዜ በሣር ላይ የተመሰገነው ውሻ የጌታውን ፊት ማየት ሊጀምር ይችላል፤ አሠልጣኙም ዕቃው ያለበትን ካወቀ ሳያስበው በገመዱ ይነግረዋል።

ሒሳብ ያውቃል የተባለው የበርሊኑ ፈረስ ሃንስ እ.ኤ.አ. በ1907 የታተመው ምርመራ እንዳሳየው፣ መልሱን ያገኝ የነበረው ከጠያቂው የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። እኛም በአገራችን ሌባ ሻይን እናውቃለን፤ መድኀኒት የጠጣው ልጅ በመቀነት ተይዞ ሲመራ ቆይቶ ከአንድ ቤት ገብቶ ሲወድቅ ባለቤቱ ባለዕዳ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ዕቃን ማመልከት በየመሬቱ ዐይነት ለየብቻው፣ ከአጭርና ከትኩስ ዱካ ተጀምሮ ይለመድ፤ ፈተናውም አሠልጣኙ ሥፍራውን ሳያውቅ ይሰጥ። ያለዚህ የውሻውን መተኛት በሰው ላይ ማስረጃ ማድረግ ሌባ ሻይን በአራት እግር ማቆም ነው።