የዓለም ታሪክ ከየት ይጀመር?
(ስለ ታሪክ ትምህርት አሰጣጥ የቀረበ ሂስ)

የታሪክ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደሚሰጥ መመርመር ለመምህራን ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በትምህርቱ ያለፍነው እኛ ተማሪዎች ነን፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ብዙዎቻችን ጠመኔ ይዘን ከሰሌዳ ፊት መቆማችን አይቀርም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ ነገር ልንነቅፍ ተነሥተናል። ይኸውም የዓለም ታሪክ ከምድራችን ተነጥሎ፣ የእኛም ታሪክ ከዓለም ተነጥሎ መሰጠቱ ነው።

ነገሩን ከምናውቀው እንጀምር። እኛ ከሰባቱ ቤት አገው አንዱ በሆነው በአዘና ተወልደን አደግን፤ ሁለተኛ ደረጃን በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ተማርን። ስለ ጥንታዊት ግብጽ የተማርን ዕለት መምህራችን ሌላው ዓለም ናይል ብሎ የሚጠራውን ዓባይን በሰሌዳ ላይ ሣሉ። ከሜዲትራኒያን ባሕር ተነሥተው ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ካይሮን፣ አስዋንን፣ ካርቱምን አመለከቱ፤ ካርቱም ላይ ሲደርሱ ጠመኔያቸው ቆመ። ወንዙ በየዓመቱ እየሞላ የግብጽን እርሻ በደለል ያለብስ እንደነበር፣ በዚያም እህል ላይ ከተማና ቤተ መንግሥት፣ ጽሕፈትና ፒራሚድ እንደተሠራ አስረዱን። ደለሉ ከየት እንደሚመጣ ግን እሳቸውም አልነገሩን፣ እኛም አልጠየቅናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከአባቶቻችን ማሳ አፈር እየጠረገ ሲወርድ ያየነው ጎርፍ የዚያ ደለል መነሻ መሆኑን የተረዳነው ኮሌጅ ከገባን በኋላ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው።

ይህን የምንጽፈው መምህራችንን ለመውቀስ አይደለም። እሳቸው ያስተማሩን መጽሐፉና ፈተናው የጠየቁትን ነው። ጉድለቱ ያለው በትምህርቱ አደረጃጀት ላይ ነው።

እኛ የተማርንበት መጽሐፍ ዛሬ ተለውጧል። አዲሱ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ከሰው ዘር አመጣጥ ተነሥቶ በሁለተኛው ምዕራፍ የጥንቱን ዓለም ሥልጣኔዎች ያወሳል፤ ኢትዮጵያና የአፍሪቃ ቀንድ በሦስተኛው ምዕራፍ ይመጣሉ። የ10ኛ ክፍሉ መጽሐፍ ደግሞ ከካፒታሊዝም ዕድገት ጀምሮ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኩል እስከ ዘመናችን ይደርሳል። ለአፍሪቃ መንግሥታት ለብቻ ምዕራፍ መሰጠቱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ምዕራፎቹ አጥር እንደለያቸው ጎረቤቶች ሆነዋል። ተማሪው ሮማን በአንድ ቤት፣ አክሱምን በሌላ ቤት ያገኛቸዋል፤ በመካከል ያለውን በር የሚከፍትለት መምህሩ ካልሆነ ማንም የለም። መምህሩም ሁለት ሺህ ዓመት በአንድ ሴሚስተር እንዲጨርስ ስለሚገደድ በሩን ሳይከፍት ያልፋል።

በሩ መኖሩን ለማሳየት ጥቂት ምሳሌ እናቅርብ። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎችን ሳሱ ወደምትባል አገር እየላከ ወርቅ ያስመጣ እንደነበር ጽፏል። ነጋዴዎቹ ይዘው የሚሄዱት ከብት፣ ጨውና ብረት ነበር። አክሱም የወርቅ ገንዘብ ታትም ስለነበር ይህ አንድ ወሬ የአገውን መንገድ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን ንግድ ጋር ያገናኛል። ተማሪው ይህን ቢሰማ ሁለቱ ምዕራፎች በአንድ ገበያ ሲገናኙ ያይ ነበር።

ስለ አገር አሰሳ ዘመንም እንዲሁ ነው። የኮሎምቦስንና የቫስኮ ዳ ጋማን ስም በቃላችን አጥንተናል። ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስም በ1770 (እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር) ከአዘና ብዙ በማይርቀው በሰከላ፣ በግሽ ዓባይ ምንጭ አጠገብ መቆማቸውን የነገረን የለም። ይህ ቢነገረን ኖሮ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይነሣ ነበር፤ ሕዝብ ሲያከብረው የኖረውን ምንጭ «አገኘሁ» ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ጥያቄ በግሽ ላይ የጠየቀ ልጅ በአሜሪካ ላይም ይጠይቀዋል።

ወደ ዘመናችን ስንቀርብ ክሩ ይበልጥ ይጠነክራል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል የዓባይና የጣና ውሃ ጉዳይ ገብቷል። በአውሮጳውያን 1925 ደግሞ ቺዝማን የተባለ የእንግሊዝ ቆንስል ዳንግላ ተቀመጠ፤ ጣናንና ዓባይን ለዓመታት አጥንቶ መጽሐፍ አሳተመ። ከግብጽና ከሱዳን ጥጥ ጋር የተሳሰረ መንግሥት በዳንግላ ቆንስል ማኖሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ኢምፔሪያሊዝም የሚባለው ቃል ከለንደንና ከበርሊን ይልቅ በዳንግላ ቢብራራ ለአዊ ልጅ ፈጥኖ በገባው ነበር። በ1933 ዓ.ም.ም ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገብተው ከአርበኞችና ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዘምቱ ኢጣልያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ሄዱ። እኛ ግን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንፈተን የተጠየቅነው ስለ ስታሊንግራድ ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ «ለአዘና ልጅ ዓባይ አለው፤ ለሌላውስ?» የሚል ነው። መልሳችን አጭር ነው። ሐረር የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ፣ ከፋ ቡና፣ አፋር ጨውና የጥንት ሰው አፅም አላቸው። ክር የሌለው አገር የለም፤ የሚጎድለው ክሩን የሚጎትት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ትምህርቱ ወደ ትምክሕት ይለወጣል የሚል ነው። እኛም ይህን ሥጋት እንጋራለን። ኮስማስ ያነሣው የአገው ገዥ የአዘና ገዥ ነበር ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው፤ አገው ከላስታ እስከ ጎጃም የተዘረጋ ሕዝብ ነውና። አፈሩ ከእኛ ስለ ሄደ የግብጽ ሥልጣኔ የእኛ ነው ማለትም ከንቱ ነው፤ ቦዩን የቆፈረውና ድንጋዩን የጠረበው የግብጽ ገበሬ ነው። ልጁን ከአካባቢው የምናስነሣው ሩቅ እንዲሄድ እንጂ በዚያው እንዲቀመጥ አይደለም።

የዚህ ነገር ትርፍና ኪሳራ ከፈተና ውጤት በላይ ነው። ከአዊ ጋር በሚጎራበተው በመተከል፣ በጉባ ምድር፣ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከአስዋን ወደ ሰሜን የሚፈሰው ውሃ 85 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ እንደሚሄድ ዛሬ ሁሉም ይናገራል። ነገር ግን ግብጻዊው ስለ ውሃ ሲነሣ ለምን እንደሚደነግጥ ሊያስረዳ የሚችል ተማሪ ስንት ነው? በጥንቱ ዘመን ሙላቱ ያነሰ ዓመት ረኃብ ማለት እንደነበረ በሁለተኛው ምዕራፍ ተምሯል፤ ግድቡንም ከዜና ሰምቷል፤ ሁለቱን ግን አላገናኛቸውም። በዚያ ማዶ ያለውም ተማሪ የአዘናን ዝናብና ዝናቡ የሚጠርገውን ማሳ እንደማያውቅ እንገምታለን። ታሪክን በየአጥሩ የተማሩ ሁለት ትውልዶች ስለ አንድ ወንዝ ሲነጋገሩ ከመፈራራት በቀር ምን ይተርፋቸዋል?

ስለዚህ በበኩላችን የምንጠይቀው አዲስ መጽሐፍ አይደለም። በየምዕራፉ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይሰጥ፤ መምህሩም ከአካባቢው አንድ ነገር ይዞ ይግባ፤ ተማሪውም በ1933 ዓ.ም. የሆነውን አያቶቹ ከሰሙት እየጠየቀ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያይ። ለመምህርነት የምንዘጋጅ ባልንጀሮቻችንም የየአገራቸውን ክር እየፈለጉ በዚህ ዓምድ ቢያወጡ መልካም ነው። እኛም ለማስተማር የተመደብን ዕለት ዓባይን በሰሌዳ ላይ ስንሥል ካርቱም ላይ እንዳናቆም ከአሁኑ ቃል እንገባለን።