«አስፈላጊው ትብብር» ስለሚባለው የኢሜይል አጻጻፍ

ተማሪ ወደ መሥሪያ ቤት፣ መሥሪያ ቤትም ወደ መሥሪያ ቤት በሚጽፈው ኢሜይል ውስጥ «አስፈላጊው ትብብር» የሚለውን ያህል የተለመደ አነጋገር ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መመርመር ነው። ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። በጥናት ላይ ያለ ተማሪ መዝገብ ለማየት ወይም ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ጊዜ የሚያንኳኳው በር ይኸው መልእክት ስለ ሆነ፣ መልእክቱ መልስ ካጣ ጥናቱም ይጓደላል።

በመጀመሪያ ምሳሌውን እንመልከት። ሁላችን የምናውቃቸውን ቃላት ሰብስበን ብንጽፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ጉዳዩ፦ ትብብር ስለ መጠየቅ። በርእሱ ለመግለጽ እንደ ተሞከረው ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ ጥናት በማካሄድ ላይ ስለሚገኝ በእናንተ በኩል አስፈላጊው ትብብር ሁሉ እንዲደረግለት በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ከአክብሮት በኩል ምንም አልጐደለውም። ነገር ግን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ይህን አንብቦ ሲጨርስ ምን ያድርግ? የትኛውን መዝገብ ያውጣ? ለስንት ቀን? «አስፈላጊው» የሚለው ቃል ጠያቂው ሊያስብበት የሚገባውን ሁሉ በተጠያቂው ላይ ይጭናል። «እንዲደረግለት» የሚለውም አድራጊውን አይጠራም፤ አድራጊው ያልተጠራ ሥራ ደግሞ የማንም ሥራ አይሆንም። እንግዲህ በቃል ትሕትና የሞላው መልእክት በተግባር ሸክም ሆኖ ይገኛል።

የአማርኛም ጠባይ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በቋንቋችን ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ ስለሚመጣ፣ ዐረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ልመናው እየራቀ ይሄዳል፤ አንባቢውም ምን እንደሚፈለግበት ሳያውቅ ብዙ መስመር ይጓዛል። በሌላ በኩል ግን ግሡ ራሱ አክብሮትን ይዟል። «ይፍቀዱልኝ» ስንል ልመናው፣ አክብሮቱና የሚደረግለት ሰው በአንድ ቃል ተነግረዋል። «እርስዎ» የሚለውም ወንድና ሴት ስለማይለይ ለማናውቀው ሰው ስንጽፍ አያሳስተንም። ስለዚህ አጭር የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በማጠሩ ብቻ ብልግና አይሆንም።

ሌላው ነቀፌታ ከውጭ ቋንቋ በተቀዳው ሰላምታ ላይ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ የጻፈው የአማርኛ ጽሑፍ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ሳይነበብ ሊቀር ይችል ነበር። ዛሬ በገዛ ፊደላችን እንጽፋለን፤ አነጋገሩ ግን የእንግሊዝኛ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። «ይህ ኢሜይል በደኅና እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ» የሚለው ለዚህ ምስክር ነው። «ጤና ይስጥልኝ» እያለ ይህን ሁሉ መንገድ መዞር ለምን ያስፈልጋል? «ውድ» የሚለውም በእኛ ዘንድ የወዳጅና የቤተ ዘመድ ቃል ነው፤ ለማያውቁት ሹም «የተከበሩ» ይበቃል። ደግሞም ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ ስም ስለ ሆነ፣ «ዶክተር» ብሎ የአባቱን ስም ብቻ ማስከተል ልጁን ትቶ አባቱን መጥራት ነው።

ስለ ግልባጭም አንድ ቃል መናገር ይገባል። በመጀመሪያው መልእክት ላይ የተጠያቂውን አለቃ በግልባጭ መጨመር፣ ከላይ «በአክብሮት» እያሉ ከታች እንደ መክሰስ ይቈጠራል። ትሕትና በቃሉ ብቻ ሳይሆን በአድራሻውም ይመረመራል።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች «እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ጉዳዩን አይናገርም፤ ሰላምታና መግቢያ ባህላችን ነው» ብለው ይቃወሙ ይሆናል። ቃላቸው እውነት ነው። ነገር ግን ፊት ለፊት ሲሆን ሰላምታ በሰላምታ ይመለሳል፤ ጨዋታውም የሁለት ሰው ነው። በኢሜይል ግን አንባቢው ጣልቃ ገብቶ መመለስ አይችልም፤ መግቢያው ሲረዝም የአንድ ሰው ንግግር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሰላምታው ይኑር፣ ነገር ግን ይጠር።

ያንኑ ልመና እንዲህ አድርጎ መጻፍ ይቻላል፦

«ጉዳዩ፦ ከ2010 እስከ 2014 ዓ.ም. ያለውን የጤፍ ዋጋ መዝገብ ለማየት። ጤና ይስጥልኝ። የኢኮኖሚክስ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መዝገቡን ለመመረቂያ ጽሑፌ ማየት እፈልጋለሁ። ከቢሮ አላወጣውም፤ እዚያው ተቀምጬ እገለብጣለሁ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጧት ከተመቸዎ እባክዎ ይፍቀዱልኝ። የማይቻል ከሆነም ቢያሳውቁኝ ሌላ ምንጭ እፈልጋለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ይህ ከፊተኛው በቃላት ብዛት ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ለሠራተኛው ይቀለዋል። መዝገቡ ታውቋል፣ ቀኑ ተቈርጧል፣ «አይቻልም» ለማለትም በር ተከፍቶለታል። ያለ ሐፍረት እንቢ የሚባልበትን መንገድ መተው ከትሕትና ሁሉ የበለጠ ትሕትና ይመስለኛል፤ ዝም ከመባል እንቢ መባል ለተማሪው ይሻለዋልና።

በመጨረሻ የምለው ይህ ነው። ግልጽነትና ትሕትና ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ የሁለቱም ሥር ለአንባቢው ማሰብ ነው። የትምህርት ክፍሎቻችንም ለተማሪ የሚሰጡትን የትብብር ደብዳቤ በዚህ ዓይን ቢመረምሩትና «አስፈላጊው» በሚለው ቃል ፈንታ የሚፈለገውን ነገር በስሙ ቢጠሩት፣ ብዙ የተዘጋ መዝገብ በተከፈተ ነበር።